ሁለት እጁን ይዤ «ወፌ ቆመች» እያልኩ ማስኬዴ ልክ ነው ወይስ እየጎዳሁት ነው? (የ4 ዓመት ልጅ፣ ሲፒ)

የናቲ_እናት · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ነው የምጽፈው።

ልጄ አራት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። በሰባት ወሩ ተወልዶ 26 ቀን ማሞቂያ ውስጥ ተኝቷል። ሴሬብራል ፓልሲ (ሲፒ፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) መሆኑን የነገሩኝ ዓመት ከአራት ወሩ ላይ ነው። እጆቹ ደህና ናቸው። ንግግሩማ ለእኔም ይተርፋል። ችግሩ ሁለቱ እግሮቹ ላይ ነው። ይገተራሉ፤ ሲቆም በጣቶቹ ጫፍ ነው፤ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ። ብቻውን መቀመጥ የጀመረው በሃያ ወሩ ነው። ሲድህ እንደ ሌላው ልጅ እግሩን እያፈራረቀ ሳይሆን ሁለቱንም ጉልበት አንድ ላይ እያስፈነጠረ ነው፣ ልክ እንደ ጥንቸል። ሶፋ ይዞ ይቆማል።

ፊዚዮቴራፒ በሳምንት አንድ ቀን እንወስደዋለን። አርባ ደቂቃ ነው፤ አሥሩ በለቅሶ ያልቃል። የራይዱ ሒሳብ ከሕክምናው ይበልጣል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ራሴ አሠራዋለሁ። ማታ ማታ ኮሪደሩ ላይ ከኋላው ቆሜ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዤ፣ «ወፌ ቆመች» እያልኩ ሃያ ጊዜ እናመላልሳለን። መጨረሻ ላይ እሱ ያለቅሳል፣ እኔ ወገቤን ይዤ እተኛለሁ። ይኸው ስድስት ወራችን። እጁን ስለቀው ግን ያው ዘጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ወረፋ ላይ ያገኘኋት እናት «እንደዛ አታድርጊ» አለችኝ። ለምን ስላት እሷም አታውቀውም።

የሚያውቅ ይንገረኝ። እባካችሁ «ትዕግሥት ይስጥሽ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። ትዕግሥቱ አለኝ።

እማ_ሰላም · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡40

ትዕግሥት ልል ነበር፣ ተውኩት። እህቴ፣ ጠበል ወስደሽዋል? የእህቴ ልጅ እዚያ ነው ለውጥ ያገኘው። እሱም አይሄድም ነበር።

የናቲ_እናት · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡52

ወስጄዋለሁ እህቴ፣ ሁለት ክረምት። አሁንም እወስደዋለሁ። እሱ ለነፍሴም ነው። አሁን የጠየቅኩት ስለ እግሩ ነው።

ፊዚዮ_ዘጣና · ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡05

የናቲ እናት፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጎንደር ተምሬ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ልጁን ሳላየው ሁሉን ነገር ልነግርሽ አልችልም፤ የጠየቅሽውን ግን ልመልስ።

ዛሬ ማታ ስታስኬጂው አንድ ሰው ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። ቪዲዮውን ስታዪ እግሩን ተይውና እጁን እዪ። እጆቹ ከትከሻው በላይ ከሆኑ ልጁ ተንጠልጥሏል እንጂ አልተራመደም። ክብደቱን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ፤ ወገብሽ ምስክር ነው። ደረቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። እንደዚያ ሆኖ ስድስት ወር የለመደው ነገር ቢኖር መንጠልጠል ነው። እንዳታዝኚ። የሁላችንም እናት ያስኬደችን እንዲሁ ነው። ሌላው ልጅ ግን ሚዛኑን በሁለትና በሦስት ሳምንት ያገኝና እጅ ይለቃል፤ የናቲ እግር ያን ለማግኘት ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

እኔ ብሆን ኮሪደሩን ለአንድ ወር ትቼ በርጩማ እይዝ ነበር። ከመራመድ በፊት መነሣት አለ። ሲቀመጥ ጉልበቱና ዳሌው እኩል የሚሆንበት፣ ሙሉ ተረከዙ መሬት የሚያርፍበት በርጩማ ፈልጊ። የሚወደውን ነገር ፊት ለፊቱ አልጋ ላይ አድርጊለት። እግሮቹን ትንሽ ከፈት አድርገሽ ወደ በርጩማው ሳቢያቸው፣ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሆኑ። ከዚያ አፍንጫው ከእግሩ ጣት እስኪያልፍ ጎንበስ ብሎ ይነሣ። አንቺ ከፊቱ በርከክ ብለሽ እጅሽን ጉልበቱ ላይ አድርጊና ወደ ተረከዙ ጫን በይ፤ እጁን አትጎትቺው። ካቃተው ጋቢ አጥፈሽ በርጩማው ላይ ደርቢለትና ከፍ ይበል። ሲለምደው አንድ እጥፍ ቀንሺ። እኔ ልጆቹን የምመዝናቸው በጋቢ እጥፋት ነው ብል ውሸት አይሆንም። በአራት እጥፍ ይነሣ የነበረ ልጅ በባዶ በርጩማ ሲነሣ ጭኑና ዳሌው እንደጠነከረ አውቃለሁ።

ከተነሣ በኋላ አልጋውን ይዞ ወደ ጎን ይሂድ። ወደ ፊት አይደለም፣ ወደ ጎን። እግሮቹ እንዲጣመሩ የሚያደርገው የውስጠኛው የጭን ጡንቻ ነው፤ ወደ ጎን መርገጥ ደግሞ የውጭውን ያሠራዋል። አሻንጉሊቱን ወደ ራስጌ፣ ከዚያ ወደ ግርጌ እያዛወርሽ አስኪጂው።

ወደ ፊት መሄድ ሲያምረው የሚገፋው ነገር ስጪው። የፕላስቲክ ወንበር ይበቃል። እጁ ከትከሻው ዝቅ ሲል ሰውነቱ ቀጥ ይላል፣ ክብደቱም ወደ ራሱ እግር ይመለሳል።

በቀን አንዴ አንድ ሰዓት አይደለም። አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ሲያለቅስ አቁሚ። የሚያለቅስ ልጅ ይገተራል፣ የተገተረ እግር ደግሞ ምንም አይማርም።

ሦስት ጥያቄ አለኝ፦ ደረጃው ስንት ነው ብለውሻል? የዳሌ ራጅ ተነሥቷል? የእግር ድጋፍ ፕላስቲክ (ኤኤፍኦ) አለው?

የናቲ_እናት · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3፡30

ዶክተር፣ ቪዲዮውን ባለቤቴ ቀረጸን። ምን ልበልህ። ልክ ኮርኒስ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ነው የሚመስለው። አልቅሼ ጨረስኩ።

ደረጃ የሚባል ነገር ማንም አልነገረኝም። ራጅ የደረት እንጂ የዳሌ ተነሥቶ አያውቅም። ፕላስቲኩ አለው፤ ዓምና ነው የተሠራለት፤ ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለሚቀላ ትቼዋለሁ።

ፊዚዮ_ዘጣና · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 12፡50

ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮ በይኝ።

ቅላቱ ፕላስቲኩ ከወለቀ በኋላ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ችግር የለውም። ከቆየ ወይም ከቆሰለ ግን ጠብቦታል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ዓመት የሞላው ፕላስቲክ መጥበቡ አይቀርም። አትጣይው፣ ወደ ሠሩት ሰዎች ውሰጂው፤ አንዳንዴ አሙቀው ያሰፉታል። ውስጡ ስፌት የሌለው ረጅም ካልሲ ይሁን። ጫማው አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ የውስጥ ሶሉንም አውጪለት፤ አለዚያ አይገባም። በርጩማውንም የሚሠራው ፕላስቲኩንና ጫማውን አድርጎ ይሁን።

ደረጃ ያልኩሽ እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባለሙያዎች ያወጡት አከፋፈል ነው። አምስት ነው። አንደኛው ላይ ያለ ልጅ ይሄዳል፣ ይሮጣል፤ ሚዛኑና ፍጥነቱ ነው የሚቀንሰው። ሁለተኛው ያለ ድጋፍ ይሄዳል፣ ደረጃ ሲወጣ ግን መደገፊያ ይይዛል። ሦስተኛው በዎከር (እየያዙ የሚሄዱበት መደገፊያ) ወይም በክራንች ይሄዳል። አራተኛው ብዙውን ጊዜ በዊልቸር ነው፤ አምስተኛው ራሱን ቀና አድርጎ መያዝም ይከብደዋል። በ2002 ደግሞ እዚያው ኦንታሪዮ 657 ልጆችን ተከታትለው፣ ልጁ በትልልቅ እንቅስቃሴ (መቀመጥ፣ መቆም፣ መሄድ) ሊደርስበት ከሚችለው ወደ 90 በመቶው እስከ አምስት ዓመቱ ገደማ እንደሚያልቅ አዩ። ጉዳቱ ከባድ ለሆነባቸው ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው። ከዚያ ወዲያ አበቃለት ማለት አይደለም፤ ጉልበቱና ብርታቱ ይጨምራል። ግን አሁን ያለሽ ጊዜ ወርቅ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ብቻውን መቀመጡ ጥሩ ምልክት ነው፤ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው። ደረጃውን ግን የሚያየው ባለሙያ ይንገርሽ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልቆርጥም።

ራጁን አትርሺ። የዳሌ አጥንት ቀስ በቀስ ከቦታው ይሸሻል፤ መጀመሪያ ላይ አያምም። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ሲፒ ካለባቸው ልጆች 35 በመቶው እንደዚያ ሆነው ተገኝተዋል። እየሸሸ ያለን ዳሌ ልምምድ ብቻ አይመልሰውም።

አባ_ሶስና · ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 5፡20 (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እንደ ናቲ ሁለቱም እግሮቿ ናቸው። እዚህ አሜሪካ እስከ ሦስት ዓመቷ ፊዚዮዋ ቤት ድረስ ትመጣ ነበር፤ ሦስት ሲሞላት ሕክምናው ወደ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሰው ለውጡን ያመጣው መሣሪያው ይመስለዋል። እኔ ግን የተጠቀምኩት ሴትዮዋ መጥታ ልጄን ሳይሆን እኔን ስላሠራችኝ ነው። «በሳምንት የማያት አንድ ሰዓት ነው፣ ቀሪው የአንተ ነው» አለችኝና ወለል ላይ አስቀመጠችኝ። እኔ ሱፍ ለብሼ ነበር!

ስለ ቦቶክስ (ጡንቻ የሚያላላ መርፌ) ማንም ስላላነሣ ላንሣው። ባቷ ላይ ሁለት ጊዜ ተወግታለች። የመጀመሪያው ጊዜ ተረከዟ መሬት ነካ ብለን ደስ ብሎን ቁጭ አልን። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ለቀቀ፣ እሷም ወደ ጣቷ ተመለሰች። ሁለተኛው ጊዜ ግን በዚያ ሦስት ወር ውስጥ በየቀኑ ዳገትና ደረጃ አስወጣናት፣ ፕላስቲኩን ቀን ሙሉ አደረገች። ያኔ ያገኘችው ዛሬም አለ። መድኃኒቱ ጡንቻውን ያላላል እንጂ መሄድ አያስተምርም።

ዎከር ከገዛችሁ ከኋላ የሚጎተተውን ግዙ። ከፊት የሚገፋው ያጎብጣል።

ሌላው ደግሞ፣ ዓምና ክረምት አገር ቤት ወስጃት ነበር። እናቴ ግቢ ዶሮ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታባርር ዋለች። ጉድባ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ጭቃ አለ። ስንመለስ ፊዚዮዋ «ምን አደረጋችኋት?» አለችን። ዶሮ ስላት አላመነችኝም።

ወሎዬዋ · ኅዳር 12፣ ከሌሊቱ 7፡10 (ዱባይ)

እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ልጄ ደሴ እናቴ ጋር ነው። አምስት ዓመቱ ነው። በኢሞ ነው የማየው። ፊዚዮ ያልከውን ለእናቴ ላነብላት ፈልጌ ነበር፤ ግን የእኔ ልጅ በርጩማ ላይ ብቻውን አይቀመጥም፣ ይወድቃል። አንገቱ አሁን አሁን ነው የጠናው። እናቴ ቀን ሙሉ በአንቀልባ ታዝለዋለች። አውርጂው ስላት «ልጄን አታድክሙብኝ» ትላለች። ወጌሻ ጋም ወስዳው ነበር፤ እግሩን በቅቤ አሽቶ ሲጎትተው ልጁ ጮኾ ጮኾ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ ወዲህ አልወሰደችውም። የምልከው ብር ለፊዚዮ ነው። መቼ ይሄድልኛል? እውነቱን ንገረኝ።

ፊዚዮ_ዘጣና · ኅዳር 12፣ ከቀኑ 6፡30

እህቴ፣ መጀመሪያ ወጌሻውን ይተዉ። የማይቆም ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፣ በጉተታ ይሰበራል።

እውነቱን ንገረኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። በአምስት ዓመቱ ብቻውን የማይቀመጥ ልጅ ያለ ድጋፍ የመሄድ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ብርሽን «እናስኬደዋለን» ለሚሉሽ አትጨርሺው። ለእሱ የሚያስፈልገው በልኩ የተሠራ መቀመጫ፣ ቀን ላይ ታስሮ የሚቆምበት መቆሚያና ዊልቸር ነው። ደሴ የአካል ድጋፍ ማዕከል አለ፤ እዚያ ያሳዩት።

እናትሽን አትቆጫት። አንቀልባው ላይ እግሮቹ ወገቧን አቅፈው ተከፍተው ከሆነ ለዳሌው ጥሩ ነው። ብቻ በቀን ጥቂት ጊዜ ወርዶ ፍራሽ ላይ በደረቱ ይተኛ፣ አንገቱንና ጀርባውን ያሠራ።

ወሎዬዋ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 5፡02

እሺ። አመሰግናለሁ።

ከዘራው · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 5፡45

ወሎዬዋ፣ «እሺ አመሰግናለሁ» ያልሽበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። እናቴ ስልክ ስትዘጋ የምትለው ነው። እኔ ራሴ ሲፒ ነኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ አዳማ ነው ያለሁት፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወላጅ ክር ላይ ጣልቃ መግባት አልወድም፤ ዛሬ ግን ልናገር።

አባቴ ግቢ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሁለት አግዳሚ ተክሎ መሄጃ ሠራልኝ። ጠዋትና ማታ በዚያ መሐል እመላለሳለሁ። ጠላሁት። አሁንም የባሕር ዛፍ ሽታ ሲሸተኝ እጄ ላይ የገባው ስንጥር ትዝ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን የሄድኩት በዚያ አይደለም። ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴ ታመመችና ሱቅ የሚላክ ሰው ጠፋ። ሱቁ ሦስት ቤት አልፎ ነው። አጥር አጥሩን ይዤ ሄድኩ፣ ስኳር ይዤ ተመለስኩ፤ ግማሹ ፈሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሱቅ ማንም አልሄደበትም ከእኔ በቀር። ባለሱቁ በኋላ ደጁ ላይ ድንጋይ አስቀመጠልኝ፣ እንድቀመጥበት።

በዘጠኝ ዓመቴ የተረከዜን ጅማት አስረዘሙኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። ተረከዜ መሬት ነካ፣ ሁሉም እልል አለ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ጉልበቴ መታጠፍ ጀመረ፤ አሁንም ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው። ከጉልበቴና ከዳሌዬ ጋር አንድ ላይ መታየት እንደነበረበት የነገረኝ ሌላ ሐኪም ነው፣ ካለፈ። ስለዚህ የናቲ እናት፣ ቶሎ ቆርጠን እናርዝመው የሚልሽ ካለ ሁለተኛ ሰው ጠይቂ።

አሁን ጉልበቴ ማታ ማታ ያመኛል። ሃያ አምስት ካለፈኝ ወዲህ ብሷል። ቢሮ ውስጥ በከዘራ እሄዳለሁ፤ ገበያ ግን በዊልቸር ነው የምወጣው። ዘመድ ሲያየኝ «ምነው፣ ባሰብህ እንዴ?» ይለኛል። አልባሰብኝም። ገበያ ደርሼ ቲማቲም የምመርጥበት ጉልበት እንዲተርፈኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዊልቸር ማለት እጅ መስጠት ነው ብለው አሳድገውኝ፣ ስቀመጥበት አፍሬ ነበር። ልጅሽን እንደዛ አታሳድጊው ለማለት ነው።

ወሎዬዋ · ኅዳር 13፣ ከሌሊቱ 6፡20

ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ያ ልጅ ስኳሩን ሲያፈስ እናቱ ተቆጣችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዘራው · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2፡00

አልተቆጣችም። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣን።

ልጅ_ያሬድ · ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8፡11

ሰዎች፣ ጊዜ ከምታጠፉ በኦክስጅን ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ሕክምና ሞክሩ። ውጭ አገር ይሰጣል። የጓደኛዬ ልጅ ለውጥ አሳይቷል። ስቴም ሴል (የሕዋስ ሕክምና)ም አለ።

ፊዚዮ_ዘጣና · ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1፡30

ወንድም ያሬድ፣ በክፋት እንዳልጻፍከው አውቃለሁ። ኦክስጅኑ ተሞክሯል። ካናዳ ውስጥ 111 ልጆችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሹ በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን፣ ለግማሹ ትንሽ ግፊት ያለው ተራ አየር ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም ቡድኖች ተሻሽለው ነበር፣ እኩል። ወላጆቹ ከልጆቻቸው ጋር ሁለት ወር ሙሉ መዋላቸው ምን ያህል ይሠራል የሚለውን አንተ ገምት። ስቴም ሴሉም ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ቤት ሸጦ የሚኬድበት አይደለም። ለናቲ እናት ዋናው ወጪ የራይድ ሒሳብ ነው፣ እሱ እንኳ ከብዷታል።

በዚሁ አንድ የቆየ ወሬ ላስተካክል። «ጡንቻውን ካጠነከርከው መገተሩ ይብሳል» ይባል ነበር፤ የእኔም መምህራን ከቀድሞዎቹ የሰሙት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ያንን አላገኙም። የተገተረ ጡንቻ ደካማ ጡንቻ ነው። ያጠንክር።

እማ ሰላም ስለ ጠበሉ ላነሣሽው፣ እኔም እሄዳለሁ። አንድ አደራ ብቻ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን ትቶ አይጠመቅ። በዚህ ምክንያት ተሸክመው ያመጡልኝ ልጆች አሉ።

ቤርሼባ · ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 4፡25

እዚህ እስራኤል የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጁንና ትልቁን ሰው አንድ ላይ የሚያስር ቀበቶ አይቻለሁ። የልጁ እግር ከአንቺ ጫማ ፊት ለፊት ካለ ጫማ ላይ ይታሰርና አንቺ ስትራመጂ እሱም ይራመዳል። አፕሲ ይባላል። የፈጠረችው እዚሁ አገር ያለች እናት ናት፣ ደቢ ኤልናታን፣ ለራሷ ልጅ ብላ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የሰሜን አየርላንድ ድርጅት አምርቶ ለገበያ አወጣው። እጅሽ ነፃ ስለሚሆን ኳስ መጫወት ይቻላል። የአንድ ልጅ ፊት ሲበራ አይቻለሁ፣ መቼም አልረሳውም።

ፊዚዮ_ዘጣና · ኅዳር 16፣ ከቀኑ 7፡00

ለጨዋታ ደስ ይላል፤ ለወሎዬዋ ልጅ ዓይነት ልጅ ከሰው ጋር ቆሞ መዋል ትልቅ ነገር ነው። የሚራመደው ግን እናትየው መሆኗን እንዳንረሳ። ለናቲ በርጩማው ይሻለዋል።

የናቲ_እናት · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 3፡50

ጠፋሁ። ሪፖርት ላቅርብ።

ራጅ ተነሣ፣ ዳሌው ደህና ነው፤ በየዓመቱ ይታይ ብለውኛል። ደረጃው 3 ነው አሉ፣ «ወደ 2 ሊጠጋ ይችላል» ያለኝም አለ፤ እሱን ብዙ አላመንኩበትም ግን ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ውያለሁ። ፕላስቲኩ ሰፋ። ጋቢው በአምስት እጥፍ ጀመርን፣ አሁን ሁለት ላይ ነን። አልጋው ላይ የማደርገው አሻንጉሊት ሰለቸው፤ አሁን የእኔን ስልክ ነው የማደርገው። ስልክ ለማምጣት የማይነሣ የለም።

ወንበሩ ግን ጉድ አፈላ። በመጀመሪያው ቀን ሴራሚኩ ላይ ሸርተት ብሎ አመለጠውና በአፉ ተደፋ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ ወንበሩን በመስኮት ሊወረውረው ነበር። በነጋታው ሁለት ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና በነጠላ አሰርኩት። ከዚያ ወዲያ አላመለጠውም፤ እንዲያውም ለመግፋት ወገቡን ቀና ማድረግ አለበት።

ሁለተኛው ጉድ ደግሞ ጎረቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነን። ከሥር ያሉት ሴትዮ በሦስተኛው ቀን መጡ። «ማታ ማታ ዕቃ የምትጎትቱት ምንድነው? ግፊቴ ተነሣ» አሉ። ይቅርታ ብዬ የወንበሩን እግር ካልሲ አለበስኩት። እንደገና ሸርተት! ያ ሁሉ ውኃ እያለበት። በመጨረሻ ከጎማ ጫማ ቆርጬ በአራቱም እግር ሥር አደረግኩ። አሁን አይጮህም፣ አይሸሽም፣ እንዲያውም ከብዶታል፤ እያቃሰተ ነው የሚገፋው። ፊዚዮ፣ ይህ በዛ?

ፊዚዮ_ዘጣና · ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 1፡15

ቀጥ ብሎ እየገፋ ካቃሰተ ጥሩ ነው። ጎብጦ በሆዱ ከተደገፈበት ግን ከአንዱ ጀሪካን ውኃ ቀንሺ። ከንፈሩ ይድናል። መውደቅንም መማር አለበት፤ ፍራሽ ላይ እጁን አስቀድሞ መውደቅ አሠሪው፣ እንደ ጨዋታ።

ሌላ ጨዋታ ልጨምርልሽ፦ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥሪለት። አይዘልም፤ ወንበሩን እየገፋ በየሳጥኑ አንድ እግር ብቻ ያሳርፍ። እግሩን የማፈራረቅ ነገር፣ ያ ጥንቸል ያልሽው፣ በዚህ ይፈታል። የሰፈር ልጆች ካሉ አስገቢያቸው፤ ከአንቺ ይልቅ እነሱ ያሠሩታል።

አባ_ሶስና · ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 4፡40

የጎማ ጫማ! እዚህ ለዚያ ዓይነት ዎከር የከፈልኩትን ብነግርሽ ወንበርሽን ትስሚዋለሽ።

የናቲ_እናት · መጋቢት 2፣ ከምሽቱ 2፡20

ክሩን የተከተላችሁ ካላችሁ።

ናቲ ብቻውን አይሄድም። ይህን መጀመሪያ ልበል፣ በግል የምትጠይቁኝ ብዙ ስለሆናችሁ። ግን ባዶ በርጩማ ላይ ይነሣል። ያለ ምንም ድጋፍ ስድስት እስኪቆጠር ይቆማል፤ የሚቆጥረው ራሱ ነው፣ ሲቸኩል ሦስትን ይዘላል። ወንበሩን ከመኝታ ቤት እስከ ውጭ በር ይገፋል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን ወንበሩ ላይ አድርጌ «ለእንግዶች አድርስ» እለዋለሁ። መንገድ ላይ ግማሹን ይበላዋል።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ያዘውና አራት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን ማታ በር ተንኳኳ። ከሥር ያሉት ሴትዮ ናቸው። ደግሞ ምን አጠፋን ብዬ ስከፍት፣ «ልጁ ምነው ድምፁ ጠፋ? ሰሞኑን ወንበሩ አይሄድም» አሉኝ። በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል።

ወሎዬዋ · መጋቢት 3፣ ከሌሊቱ 7፡30

እሰይ እሰይ! የእኔ ልጅ መቀመጫው ተሠራለት፤ ከማዕድ ጋር እኩል ይቀመጣል። እናቴ በእጁ እንዲበላ እያስለመደችው ነው። መቆሚያውን ደግሞ ሰፈር ያለ አናጢ እየሠራው ነው፣ ማዕከሉ ልኩን ሰጥቶት። የናቲ እናት፣ ከሥሩ ጎማ አድርግ ልለው ነው፤ የአንቺ በሙጫ ነው በሚስማር?

የናቲ_እናት · መጋቢት 3፣ ከጠዋቱ 3፡05

ሙጫው ለቀቀብኝ። ለፕላስቲክ ወንበር ሚስማር አይሆንም፣ ይሰነጥቀዋል፤ እኔ በሽቦ ነው ያሰርኩት። የእናንተ እንጨት ከሆነ በሚስማር ይሁን፣ ግን የሚስማሩ ራስ ጎማው ውስጥ ጠልቆ ይግባ፣ ወለሉን እንዳይቧጭር።